ድምፁ ለምን ሌላ ቦታ ሄደ? የአንባብያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው አራት ጥያቄዎች ከተለያዩ የአዲስ አበባ ሰፈሮች ቢደርሱንም የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፤ ኮምፒውተሩ እየሠራ ሳለ ድምፅ ማጉያ፣ ቴሌቪዥን ወይም የጆሮ ማዳመጫ ሲሰካና ሲነቀል ድምፁ ወዴት ይሄዳል፣ የሚወስነውስ ማን ነው? ደብዳቤዎቹን አሳጥረን፣ የጸሐፊዎቹን ስም ትተን አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ በቴዎድሮስ አደባባይ አቅራቢያ ባለ አንድ የስብሰባ አዳራሽ የድምፅና የምስል ባለሙያ ነኝ። ላፕቶፑ ኡቡንቱ 22.04 የተባለው የሊኑክስ ዓይነት የተጫነበት ሲሆን ከግድግዳው ቴሌቪዥን ጋር በኤችዲኤምአይ፣ ከሚክሰሩ ጋር ደግሞ በዩኤስቢ ገመድ ተገናኝቷል። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል። ጀነሬተሩ ተነሥቶ ቴሌቪዥኑና ሚክሰሩ ሲመለሱ ግን ድምፁ አንዳንዴ ከሚክሰሩ፣ አንዳንዴ ከላፕቶፑ ድምፅ ማጉያ ይወጣል። ተናጋሪው መድረክ ላይ ቆሞ ሲጠብቅ እኔ ሰው ፊት አቀርቅሬ ቅንብር ስፈልግ እገኛለሁ። ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ በመጀመሪያ መሣሪያው መጥፋቱን ወይም መመለሱን የሚያውቀው ክፍልና ድምፁ ወዴት ይሂድ ብሎ የሚወስነው ክፍል የተለያዩ መሆናቸውን መያዝ ያስፈልጋል። ሚክሰርዎ ኃይል ሲያጣ የዩኤስቢ ግንኙነቱ ይቋረጣል፤ ይህንን የሚያየው የሊኑክስ ከርነል (የሥርዓቱ እምብርት) ሲሆን፣ በውስጡ ያለው አልሳ የተባለው የድምፅ ክፍል (እ.ኤ.አ. በ2003 መጨረሻ ከወጣው ከርነል 2.6 ጀምሮ ዋናው የድምፅ ሥርዓት ነው) የሚናገረው «ይህ ካርድ መጣ፣ ያኛው ሄደ» ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ያለው የድምፅ ሰርቨር ነው ይህንን ሰምቶ እየተጫወተ ያለውን ድምፅ ከአንዱ መሣሪያ ወደ ሌላው የሚያዛውረው። በእርስዎ ኡቡንቱ 22.04 ላይ ይህ ሰርቨር ፓልስኦዲዮ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ፖሊፕኦዲዮ በሚል ስም ተጀምሮ በ2006 የአሁኑን ስም ያገኘ፣ በ2007 ፌዶራ 8 በተባለው ሌላ የሊኑክስ ዓይነት፣ በ2008 ደግሞ በኡቡንቱ 8.04 ዋና የድምፅ ሰርቨር የሆነ ነው። ከኡቡንቱ 22.10 ጀምሮ ቦታውን የያዘው ፓይፕዋየር ሲሆን፣ የማዛወሩን ውሳኔ የሚሰጠውም ዋየርፕላምበር የተባለ አጋዡ ነው። ስሙ ቢለያይም ችግሩ አንድ ነው፤ ሰርቨሩ የሚያውቀው አንድ ነገር መሰካቱን እንጂ እርስዎ በዚያ መስማት መፈለግዎን አይደለም፤ ስለዚህ ይገምታል።

ግምቱ በሁለት አቅጣጫ ይሠራል። መሣሪያው ሲጠፋ ሰርቨሩ በዚያ ላይ ይጫወት የነበረውን ድምፅ ሳያቋርጥ ወደ ሌላ ወዳለ መሣሪያ ያሸጋግረዋል፤ መብራት ሲሄድ የላፕቶፑ ድምፅ ማጉያ መናገር የሚጀምረው በዚህ ምክንያት ነው። አዲስ መሣሪያ ሲመጣ ደግሞ ፓልስኦዲዮ በራሱ ብዙም አይቸኩልም፤ ነገር ግን ኡቡንቱ አዲስ የተሰካውን ዩኤስቢ ወይም ብሉቱዝ ወዲያውኑ ዋና መውጫ የሚያደርግ ተጨማሪ ሞጁል አብሮ ይጭናል። ይኸው ሞጁል ከፓልስኦዲዮ 14 ጀምሮ ኤችዲኤምአይን እንዲተው ተደርጓል፤ ድምፅ ማጉያ የሌለው ሞኒተር በተሰካ ቁጥር ኮምፒውተሩ ዲዳ ይሆንባቸው የነበሩ ሰዎች ቅሬታ ትክክል ነበርና ማሻሻያው ተገቢ ነው።

«አንዳንዴ» ያሉት ነገር ምንጩ የሰርቨሩ ማስታወሻ ይመስለናል። ሰርቨሩ እያንዳንዱ ፕሮግራም በየትኛው መሣሪያ ይጫወት እንደነበር ይመዘግባል፤ የቪዲዮ ማጫወቻውን በእጅዎ ወደ ሌላ መውጫ ካዞሩት ያንን እንደ እርስዎ ፈቃድ ይቆጥረውና ዋናው መውጫ ቢቀየር እንኳ ማጫወቻውን ከዚያ አያነቃንቀውም። እንግዲህ በጭንቀት ሰዓት፣ ሕዝቡ እያየዎት፣ እንደምንም ድምፅ ይውጣ ብለው የነካኩት ቅንብር ለሚቀጥለው ሳምንት ስብሰባ ተመዝግቦ ይቆያል ማለት ነው። አንዱን ማጫወቻ ነክተው ሌላውን ካልነኩት ደግሞ አንዱ ሚክሰሩን ሲከተል ሌላው ላፕቶፑ ላይ ይቀራል።

ስለዚህ አዳራሹ ባዶ በሆነበት ሰዓት፣ ሁሉም መሣሪያ በርቶ ሳለ፣ የፓልስኦዲዮን የድምፅ መቆጣጠሪያ መስኮት ይክፈቱ። በመውጫ መሣሪያዎች ገጽ ላይ ሚክሰሩን ዋና ያድርጉ፤ ከዚያም የሚጠቀሙባቸውን ማጫወቻዎች ሁሉ አንድ በአንድ እያስጀመሩ በፕሌይባክ ገጽ ላይ እያንዳንዳቸው ወደ ሚክሰሩ መዞራቸውን ያረጋግጡ። በመጨረሻው የኮንፊገሬሽን ገጽ ላይ የቴሌቪዥኑን የድምፅ መስመር ያጥፉት፤ የኤችዲኤምአይ ድምፅ ከላፕቶፑ ድምፅ ጋር በአንድ ካርድ ሥር ተደርቦ ከታየ ደግሞ የአናሎጉን አማራጭ ይምረጡ። ቴሌቪዥኑ በአዳራሽዎ ለምስል ብቻ የሚያገለግል ከሆነ በድምፅ መውጫነት መቅረብ የለበትም። ከዚያ የሚክሰሩን የኃይል ገመድ ነቅለው፣ ጥቂት ቆይተው መልሰው በመሰካት ይሞክሩት፤ መብራት እስኪሄድ አይጠብቁ።

ከቅንብሩ ሁሉ የሚበልጠው መፍትሔ ግን ከሶፍትዌር ውጭ ነው። ከላፕቶፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ሚክሰሩ በተራ የ3.5 ሚሊ ሜትር ገመድ ቢያገናኙ ላፕቶፑ የሚያውቀው ጫፉ ቀዳዳው ውስጥ መግባቱን ብቻ ነው፤ በሌላኛው ጫፍ ያለው ሚክሰር ይብራ ይጥፋ አያውቅም፣ አይጠይቅምም። መብራት ሲሄድ ድምፁ ወደዚያው ገመድ መፍሰሱን ይቀጥላል፤ ሚክሰሩ ሲነሣ ድምፁ ከደረሰበት ጀምሮ ይሰማል። የሚያዛውር ውሳኔ ስለሌለ የሚሳሳት ውሳኔም የለም። ኤችዲኤምአይ እንዲህ አይደለም፤ ላፕቶፑ በማገናኛው 18ኛ እግር (የብረት ነጥብ) 5 ቮልት ይልካል፣ ቴሌቪዥኑም በ19ኛው እግር «አለሁ» የሚል ምልክት ይመልሳል። አንዳንዱ ቴሌቪዥን ኃይል አጥቶም ያንኑ 5 ቮልት መልሶ ስለሚሰድድ ያለ ይመስላል፤ ሌላው ደግሞ ሲጠፋ ከነጭራሹ ይሰወራል፤ ስለዚህ ሁለት ቴሌቪዥኖች በአንድ ላፕቶፕ ላይ የተለያየ ጠባይ ቢያሳዩ አይደነቁ። የአናሎጉ ገመድ አንድ ጣጣ አለው፤ ላፕቶፑ በቻርጀር ላይ ሳለ ጉርምርምታ ሊሰማ ይችላል፤ ይህም በላፕቶፑና በሚክሰሩ የመሬት መስመሮች መካከል የሚፈጠር ዙር ስለሆነ በመሐል የሚገባ ትንሽ ትራንስፎርመር ያለበት ማገናኛ ያስወግደዋል። ገመዱን መለወጥ ካልፈለጉ ሚክሰሩን በዩፒኤስ ላይ ያድርጉት፤ የሚወስደው ኃይል ከአጉሊው ጋር ሲነጻጸር ጥቂት በመሆኑ ጀነሬተሩ እስኪነሣ መካከለኛ ዩፒኤስ አያንሰውም።

ጥያቄ፦ በልደታ አካባቢ ላለ አንድ መሥሪያ ቤት የባለጉዳዮችን ተራ በድምፅ የሚጠራ ፕሮግራም ጽፌአለሁ። ፕሮግራሙ በሊኑክስ ላይ በቀጥታ አልሳን እየተጠቀመ «ካርድ ቁጥር 1» የሚለውን ይከፍታል፤ ይህም የዩኤስቢ ድምፅ ማጉያ ነው። ሰው ገመዱን በድንገት ነቅሎ መልሶ ሲሰካው ፕሮግራሙ እንደገና እስኪነሣ ድረስ ዝም ይላል። አንዳንድ ጠዋት ደግሞ ኮምፒውተሩ ሲበራ ጀምሮ ድምፁ በሌላ ካርድ በኩል ይሄድና አይሰማም። እንዴት ላስተካክለው?

መልስ፦ የጠዋቱ ችግር ከቁጥሩ የመጣ ነው። የካርድ ቁጥር የመታወቂያ ቁጥር ሳይሆን የመድረሻ ተራ ነው፤ ኮምፒውተሩ ሲነሣ መጀመሪያ የተገኘው 0 ይባላል፣ ቀጥሎ የተገኘው 1። የዩኤስቢ ድምፅ ማጉያው አንድ ቀን ከእናት ሰሌዳው ሳውንድ ካርድ ቀድሞ ከተገኘ፣ ወይም የግራፊክስ ካርዱ የኤችዲኤምአይ ድምፅ በመሐል ከገባ፣ ቁጥሮቹ ይዛወራሉ። አልሳ ለእያንዳንዱ ካርድ አጭር ስምም ስለሚሰጥ ካርዱን በቁጥሩ ፋንታ በስሙ ይክፈቱት። ተመሳሳይ የሆኑ ሁለት ድምፅ ማጉያዎች ከተሰኩ ስማቸው ስለሚቀራረብ የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚለየው የተሰኩበት የዩኤስቢ ቀዳዳ ነው፤ ያን ጊዜ ዩዴቭ በተባለው፣ የመሣሪያዎችን መሰካትና መነቀል በሚከታተለው የሊኑክስ ክፍል ደንብ ቀዳዳውን ከቋሚ ስም ጋር ያስሩታል።

ዝም ማለቱ ግን ሌላ ነገር ነው። ድምፅ ማጉያው ሲነቀል ፕሮግራሙ የያዘው ግንኙነት ይሞታል፤ መሣሪያው ቢመለስም ያ ግንኙነት አብሮ አይነሣም። ፕሮግራሙ በዚህ ጊዜ ድምፅ ሲጽፍ የሚመለስለት የስሕተት ቁጥር 19 ነው፤ ትርጉሙም «መሣሪያው የለም» ነው። ብዙ ፕሮግራም ጸሐፊዎች የሚያውቁት ሌላውን ቁጥር፣ 32ን ነው፤ እሱ የሚመጣው ፕሮግራሙ ዘግይቶ ካርዱ የሚያጫውተው ድምፅ ሲያጣ ሲሆን፣ መሣሪያውን አሰናድቶ መቀጠል ይበቃዋል። ሁለቱን ሳይለዩ በአንድ መንገድ የሚያስተናግድ ፕሮግራም የሞተውን ግንኙነት «ላሰናዳ» እያለ ያለ ማቋረጥ ይዞራል፤ ከውጭ ለሚያይ ሰው ግን ፕሮግራሙ እየሠራ ይመስላል፣ ስክሪኑ ላይ ተራው ይቀየራል፣ ድምፅ ብቻ የለም። የእርስዎም ፕሮግራም እንዲህ ሳይሆን አይቀርም። 19 ሲመጣ ግንኙነቱን ይዝጉ፣ የዩዴቭን ማስታወቂያ ይጠብቁ፣ ካርዱ በስሙ ሲመለስ እንደ አዲስ ይክፈቱት። ማስታወቂያው በደረሰበት ቅጽበት የሚደረገው የመጀመሪያ ሙከራ አንዳንዴ ይከሽፋል፤ የካርዱ ክፍሎችና የመጠቀሚያ ፈቃዱ እስኪሟሉ ትንሽ ጊዜ ስለሚወስድ ነው፤ አጭር ፋታ እየሰጡ ጥቂት ጊዜ መሞከር እንጂ በመጀመሪያው ውድቀት ተስፋ መቁረጥ አይገባም።

አንድ ያልጠየቁንን ነገር እንጨምር። ድምፅ ማጉያው ተነቅሎ በቆየበት ጊዜ መጠራት የነበረባቸው ተራዎች ምን ይሁኑ? ፕሮግራሙ ሁሉንም አጠራቅሞ ገመዱ በተመለሰ ጊዜ 41፣ 42፣ 43፣ 44 እያለ ቢያወርዳቸው መስኮቱ ፊት የሚፈጠረውን ግርግር መገመት አያዳግትም። ጊዜው ያለፈበትን ጥሪ ይጣሉና አሁን በመስኮቱ የሚጠበቀውን ተራ ብቻ ይጥሩ።

ይህን ሁሉ ድካም ለድምፅ ሰርቨሩ መተው አይቻልም ወይ ቢሉ፣ ይቻላል፤ ፕሮግራሙ ለፓልስኦዲዮ ወይም ለፓይፕዋየር ቢያስረክብ መነቀሉንም ሆነ መመለሱን ሳያውቅ ይቀጥላል። ሆኖም ሁለት ነገር ያስቡበት። ድምፅ ማጉያው ሲነቀል ሰርቨሩ ጥሪውን ወደ ሠራተኛው ኮምፒውተር ድምፅ ማጉያ ሊያዛውረው ይችላል፤ ባለጉዳዩ አይሰማም፣ ሠራተኛው ግን ይሰማና የተጠራ ይመስለዋል። ደግሞም እነዚህ ሰርቨሮች እንደተለመደው የሚነሡት ተጠቃሚ ሲገባ ስለሆነ፣ ማንም ሳይገባ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚነሣ አገልግሎት ሰርቨሩን ላያገኘው ይችላል። ለአንድ ሥራ ብቻ ለተመደበ ኮምፒውተር በስም መክፈቱንና ስሕተቱን ለይቶ ማስተናገዱን እንመርጣለን።

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ በሚገኝ ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ፤ ኮምፒውተሬ ዊንዶውስ 11 ነው። የዩኤስቢ ማዳመጫዬን ስሰካ ሙዚቃው ወደ ማዳመጫው ይመጣል፤ የስብሰባው ድምፅ ግን በላፕቶፑ ይቀራል። ማዳመጫውን በሌላኛው ቀዳዳ ከሰካሁት ደግሞ ያስተካከልኩትን ሁሉ ይረሳል። ባለፈው ደግሞ ገመዱ ተነቅሎ አንድ የግል የድምፅ መልእክት ቢሮው በሙሉ ሰማው። ኧረ መላ በሉኝ!

መልስ፦ ዊንዶውስ አንድ ሳይሆን ሁለት ዋና መውጫ ይይዛል፤ አንዱ ለሙዚቃና ለቪዲዮ፣ ሌላው ለንግግር ነው። አዲስ መሣሪያ ሲሰካ ሁለቱ አብረው ላይዛወሩ ይችላሉ። በዚህ ላይ የስብሰባ ፕሮግራሞች የራሳቸው የድምፅ ማጉያ ምርጫ አላቸው፤ እዚያ ላይ የላፕቶፑ ድምፅ ማጉያ በስሙ ተመርጦ ከሆነ ዊንዶውስ የቱንም ያህል ቢቀይር ፕሮግራሙ ከቃሉ አይወጣም። በፕሮግራሙ ውስጥ «እንደ ሲስተሙ» የሚለውን ይምረጡ፤ ከዚያም በድምፅ ቅንብሩ ማዳመጫውን ለሁለቱም ዋና ያድርጉት። እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጣው የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ ወዲህ ለእያንዳንዱ ፕሮግራም የተለየ መውጫ መምረጥ ስለተቻለ፣ ቀደም ሲል እዚያ የተተወ ምርጫ መኖር አለመኖሩንም ይዩ።

የቀዳዳው ነገር ከማዳመጫው የመጣ ነው። የዩኤስቢ መሣሪያ የራሱ መለያ ቁጥር በውስጡ ሊኖረው ይችላል፤ ርካሽ ማዳመጫዎች ግን ብዙውን ጊዜ የላቸውም። መለያ የሌለውን መሣሪያ ዊንዶውስ የሚያውቀው በተሰካበት ቀዳዳ ስለሆነ፣ ቀዳዳው ሲቀየር ከገበያ እንደተገዛ አዲስ ዕቃ ይቆጥረዋል። አንድ ቀዳዳ መርጠው እዚያው ላይ ብቻ ይሰኩት።

ያሳፈረዎትን ነገር በተመለከተ፣ የአንድሮይድ ስልክ ማዳመጫው ሲነቀል ለማጫወቻዎቹ «ድምፁ ወደ አደባባይ ሊወጣ ነው» የሚል ማስታወቂያ ይልካል፤ በሥርዓት የተጻፈ ማጫወቻም ወዲያው ያቆማል። በኮምፒውተር ላይ ይህ ልማድ ብዙም አልገባም፤ ድምፁ እንዳይቋረጥ የታሰበው ማዛወር ራሱ ነው ምሥጢር የሚያወጣው። በእኛ አስተያየት ሲሰካ ከሚደረገው ይልቅ ሲነቀል ለሚደረገው የበለጠ ጥንቃቄ ያስፈልግ ነበር፤ የጠፋ ድምፅ መልሶ ይሰማል፣ ያመለጠ ግን አይመለስም። ማድረግ የሚችሉት ይህን ነው፦ ማዳመጫውን ይንቀሉ፣ የላፕቶፑን ድምፅ ማጉያ ሙሉ በሙሉ ዝም ያሰኙት፣ ከዚያ ማዳመጫውን መልሰው ይሰኩት። ሁለቱ የተለያዩ መሣሪያዎች ስለሆኑ እያንዳንዳቸው የድምፅ መጠናቸውን ለየብቻ ያስታውሳሉ፤ ገመዱ በድንገት ቢነቀልም ላፕቶፑ ትንፍሽ አይልም።

ጥያቄ፦ ፒያሳ ከሚገኝ ሱቅ ያገለገለ ዴስክቶፕ ገዛሁ። ማዳመጫ በፊት ለፊቱ ቀዳዳ ስሰካ ድምፅ ይመጣል፤ የጀርባው ድምፅ ማጉያ ግን አይቆምም። ካርዱ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ካርዱ ደኅና ይመስላል። የፊት ለፊቱን ቀዳዳዎች ከእናት ሰሌዳው ጋር የሚያገናኘው ሽቦ በቆዩ ሣጥኖች ላይ ሁለት ጫፍ አለው፤ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣው ኤሲ97 በተባለው ደረጃ፣ ሌላው በ2004 በተተካበት ኤችዲ ኦዲዮ ነው። ሁለቱም በአንዱ ማያያዣ ላይ ይገባሉ፤ ድምፅም ያስተላልፋሉ፤ ነገር ግን ማዳመጫ መሰካቱን ለሳውንድ ካርዱ የሚያሳውቀው የኤችዲ ኦዲዮው ጫፍ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩን አጥፍተው፣ የኃይል ገመዱን ነቅለው ሣጥኑን ይክፈቱና ኤሲ97 የተጻፈበት ጫፍ ገብቶ ከሆነ በሌላው ይተኩት። ከዚያ በባዮስ (የእናት ሰሌዳው መሠረታዊ ቅንብር) ውስጥ የፊት ለፊት ድምፅ ምርጫ ካለ ኤችዲ ላይ መሆኑን ይመልከቱ። ሣጥኑ የኤሲ97 ጫፍ ብቻ ያለው ከሆነ ማዳመጫውን ከጀርባ፣ ከድምፅ ማጉያው አጠገብ መሰካት ወይም አነስተኛ የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ መግዛት ይኖርብዎታል።